የጀልባ ሰፈር ለፋፊ

ማስረሻ ለፋፊ የሆነው ሰው ስለጠፋ ነው። የጀልባ ሰፈር እድር የቀድሞ ለፋፊ ጥርሱ ሲረግፍ ጡሩምባውን መንፋት አቃተው። ዳኛው በስብሰባው መሃል ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ያ የተጉለቱ ልጅ ደረቱ ሰፊ ነው" አሉ። ያኔ ማስረሻ የመንግሥት እርሻ ላይ የውኃ ሞተር ጠባቂ ነበር። እንቢ አላለም። እንቢ ሲል ከጎኑ የሚቆም ዘመድ ዝዋይ ውስጥ አልነበረውም።

ሥራው ይህ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለዳኛው ይነግራል፤ ዳኛው ለማስረሻ ይነግረዋል። ማስረሻ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ በሦስት ቦታ ይቆማል፦ ጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ሾላው ሥር። በየቦታው ጡሩምባውን ይነፋል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ጮክ ብሎ ይናገራል። በሦስቱም ቦታ ካልተነገረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ዝናብ ይዞት ወፍጮ ቤቱን ዘለለ። የሟቹ ልጆች ለብዙ ጊዜ አላናገሩትም።

ሰው አይጠላውም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ሊያገኘው አይፈልግም። "እንደምን አደርክ" ሲል "ማን ሞተ?" ይሉታል። ሠርግ ይጠራል፤ በር አጠገብ ይቀመጣል። ሕፃናት ሲያዩት ይሮጣሉ። ሚስቱ እንቁ በዚህ ትስቅ ነበር። ሌላዋ የምትስቅበት አጥር የምትጋራቸው ዙህራ ነበረች። ዙህራ ከወሎ መጥታ የአብዱልመናን ሚስት የሆነች፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናት።

"አንተ ሞት ጠሪ" ትለዋለች ዘይቱ ላይ ዓሣ እየጣለች። "ዛሬ ደግሞ ማንን ቋምጠህ ነው የምትዞረው?"

"አንቺን።"

"ወላሂ አታገኘኝም። አንተን ቀብሬ ነው የምሄደው።"

ቀድሞ የሞተው አብዱልመናን ነው። ቀጥላ እንቁ ሞተች። የእንቁ ጊዜ እድሩ አንድ ያላሰበበት ነገር ገጠመው፤ የለፋፊውን ሚስት የሚለፍፍ ሰው አልነበረም። ማስረሻ በነጋታው እንደ ወትሮው ጡሩምባውን ይዞ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቆመ። ነፋ። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ ስሟ አልወጣም። እንደገና ነፋ። አሁንም አልወጣም። ዙህራ ነጠላዋን እንደተከናነበች ከኋላው መጣችና አጠገቡ ቆመች። "አንተ ንፋ" አለችው። እሱ ነፋ፣ እሷ ስሙን ተናገረች። በሦስቱም ቦታ እንዲሁ አደረጉ። ሴት፣ ያውም ሙስሊም ሴት፣ የክርስቲያን መርዶ ለፈፈች ተብሎ ሰፈሩ ሲያወራ ሰነበተ። ዙህራ የሚያወራውን ሁሉ ዓሣ ሲገዛ አገኘችው፤ ለእያንዳንዱም የሚገባውን መልስ ሰጠችው።

የሐይቅ ዳር ልማቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሲመጣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ከተማዋ ሐይቅ እያላት ሐይቅ እንደሌላት ትኖራለች፤ ወደ ሐዋሳ የሚያልፈው እንግዳ ዓሣውን በልቶ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። በውኃው ዳር ሙዚየምና የሥዕል አዳራሽ ቢሠራ እንግዳው ያድራል፤ ያደረ ደግሞ ይገዛል፤ የገዛበት ከተማ ያድጋል ተባለ። የተባለው ውሸት አልነበረም። መንግሥት በጀት መደበ። ረግረጉ ተደለደለ፣ ድንጋዩ ተነጠፈ፣ ዘንባባ ተተከለ፣ መብራት ቆመ። ሙዚየሙ ተገነባ፤ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ግድግዳው ነጭ የሆነ የሥዕል አዳራሽ ተሠራ። ጀልባ ማቆሚያው በእንጨት ተለብጦ መድረክ ሆነ። ሾላውን አልቆረጡትም፤ ዙሪያውን መቀመጫ ሠሩለት።

የሰፈሩ ሰው "ተነሺ" የሚል ስም ወጣለትና ከአስፋልቱ ማዶ ቦታ ተሰጠው። ቦታው መጥፎ አይደለም። ውኃም መብራትም አለው። ግን የተሰጠው በዕጣ ነው። አጥር ይጋሩ የነበሩ ሰዎች አሁን ለመጠያየቅ ባጃጅ ይይዛሉ። እድሩ ብዙ ሳይቆይ ከሌላ እድር ጋር ተቀላቀለ። አዲሱ እድር ጎበዝ ጸሐፊ አለው፤ ሞትን በቴሌግራም ያስታውቃል። ለፋፊ አያስፈልገውም።

እድሩ ገና ሳይቀላቀል ሙዚየሙ ከተነሺዎቹ ዕቃ ሲሰበስብ እድርተኛው ተሽቀዳድሞ ሰጠ። የደንገል ጀልባ፣ መረብ፣ የዙህራ መጥበሻ፣ ጡሩምባው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ተሠራ። የጀልባ ሰፈር ሰው ሙዚየም አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የእድር ዕቃ ቤትን ነው። ድንኳኑና ድስቱ በአንድ ሰው ቤት ይቀመጣል፤ ሰው ሲሞት ይወጣል፤ ከሠልስት በኋላ ይመለሳል። ሙዚየሙንም እንደዚያ አዩት። ጣሪያው የማያፈስ፣ ዘበኛ ያለው፣ ደህና ዕቃ ቤት። "ሰው ሲሞት እንወስደዋለን" ተባብለው ጡሩምባውን አስረከቡ። የተረከበው ሰውም ፈገግ ብሎ ተቀበለ። ጡሩምባው መስታወት ውስጥ ገባ። ከሥሩ "ቀደም ባሉት ዘመናት ሞት ይታወጅበት የነበረ መሣሪያ" የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ከመለጠፉ በፊት በነበረው ወር ማስረሻ ሁለት ሰው ለፍፎበታል።

ማስረሻን ሙዚየሙ በጥበቃነት ቀጠረው። ሰማያዊ የደንብ ልብስና ቆብ ተሰጠው፤ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ባለች ክፍል ይኖር ጀመር። በጀልባ ሰፈር የቀረ ነዋሪ እሱ ብቻ ሆነ። ልጁ ሊዲ አዳማ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውልለታለች።

"አባዬ፣ ብቻህን አይከብድህም?"

"ምን ይከብደኛል? ቀን ሠራተኛው አለ።"

"ማታስ?"

"ማታ እተኛለሁ።"

ከስልኩ በኋላ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ዙህራ ይሄዳል። ዙህራን ስኳር ይዟት እግሯ አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። ከልጇ ከኡበይደላ ጋር ነው የምትኖረው። ቤቱ ጥሩ ነው፤ በረንዳ አለው፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የማታውቃቸውን ሰዎች ስታይ ትውላለች። ኡበይደላ ሱቅ ስለሚውል የምታወራው ሰው የላትም። ማስረሻ ሲመጣ የሳምንቱን ወሬ በአንድ ጊዜ ታወርድበታለች።

ከእነዚህ እሁዶች በአንዱ ነው የጠየቀችው።

"ስሞት እዚህ እንዳትጠራኝ።"

"የት ልጥራሽ ታዲያ?"

"እዚያ። ሰፈራችን።"

"እዚያ እኮ ሰው የለም፣ ዙህራ።"

"ወፎቹ፣ አባ ኮዳዎቹ አሉ። ስንት ዓመት የዓሣ አንጀት አብልቻቸዋለሁ። ቀብሬ ላይ ይምጡ እንጂ፣ ምን ይሉኝታ ቢስ ናቸው።"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"እዚህ ማንም አያውቀኝም፣ ማስረሻ። ጎረቤቴ 'የኡበይደላ እናት' ነው የሚለኝ። ስሜን እዚያ ጥራው። በሦስቱም ቦታ።"

"ጡሩምባው መስታወት ውስጥ ነው።"

"አንተ አይደለህ እንዴ የምትጠብቀው?"

"ቁልፉ የለኝም።"

"ምን ዓይነት ዘበኛ ነህ?" አለች። ከዚያ ዓይኗን ሳትነቅል፣ "በማርያም በለኝ" አለችው።

በራሷ እምነት ሳይሆን በእሱ ነበር ያስማለችው። ማስረሻ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "በማርያም" አለ።

ዙህራ ያረፈችው ሙዚየሙ በሚመረቅበት ቅዳሜ ነው።

ማስረሻ የሰማው ከባጃጅ ነጂው ከያደታ ነው። ያደታ ለምረቃው የተከራዩትን የፕላስቲክ ወንበሮች በባጃጁ ሲያመላልስ ነበር። ወንበር እያወረደ፣ "ጋሼ፣ አልሰሙም እንዴ? ቴሌግራም ላይ ተለቆ የለ" አለው።

"ምን ተለቀቀ?"

ያደታ ወንበሩን መሬት ላይ አደረገው። "እትዬ ዙህራ። ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።"

ማስረሻ የቀረውን ወንበር አብሮት አወረደ። ከዚያ ሚልካን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ።

ሚልካ የሙዚየሙ ባለሙያ ናት፤ የአዳማ ልጅ፣ ሥዕል የተማረች። ክፉ አይደለችም። ባለፈው ሳምንት ለምረቃው ጡሩምባውን እንዲነፋላት ለምናው ነበር። "ሰው ሳይሞት አይነፋም" ብሎ መለሰላት። አልተከራከረችውም፤ በምትኩ ክራር ተጫዋች አመጣች። አሁን አበባ እያስተካከለች አገኛት።

"ወይዘሪት ሚልካ፣ ያን ነገር እነፋዋለሁ።"

ቀና አለች። "እውነትዎን ነው? ምን አሳመነዎት?"

"ሰው ሞቷል።"

"ማን?"

"ዙህራ። መጥበሻዋን የሰጠችሽ።"

ሚልካ አበባውን አስቀመጠች። "አዝናለሁ፣ ጋሼ። መሄድ አለብዎት። የሚተካዎት ሰው ግን…"

"እሄዳለሁ። መጀመሪያ መጥራት አለብኝ። ጡሩምባውን አሁን ስጪኝ።"

"የመስታወቱ ቁልፍ የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋ ነው። ከእንግዶቹ ጋር ነው የሚመጣው።"

"እንግዶቹስ መቼ ነው የሚመጡት?"

"አራት ሰዓት ተብሏል።"

አራት ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሚልካ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች አየች።

"ፕሮግራሙ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ላስገባዎት እችላለሁ" አለች። "ግን እንግዶቹ ትዕይንት ነው የሚመስላቸው።"

"ይምሰላቸው።"

እንግዶቹ የመጡት ከቀጠሮው በጣም ዘግይተው ነው። ሪባን ተቆረጠ። ኃላፊው ስለ ሐይቁና ስለ ቱሪዝም ተናገረ፤ ንግግሩ እውነት ነበረው፣ ግን ረጅም ነበር። ማስረሻ በሩ ላይ ቆሞ ፀሐይዋን ያያል። ኃላፊው ሲጨርስ ሚልካ ሄዳ በጆሮው ነገረችው፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። የመድረክ መሪው ማይኩን ያዘ።

"ቀጥሎ ደግሞ የአካባቢያችን ማኅበረሰብ በጥንት ጊዜ መርዶ እንዴት ያውጅ እንደነበር የሚያሳዩን አባት አሉ። ሞቅ ባለ ጭብጨባ።"

ማስረሻ በቀድሞው ጀልባ ማቆሚያ ላይ፣ በእንጨቱ መድረክ ላይ ቆመ። ጡሩምባውን ቫርኒሽ ቀብተውታል። አፉ ላይ ሲያደርገው ቀለም ቀለም አለው። የመጀመሪያው ትንፋሽ ተሰነጠቀ፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሳቅ አሉ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው እንደ ድሮው ረዘመ፤ ውኃው ላይ ሄደ።

"የጀልባ ሰፈር ሰው ስማ" አለ። ማይክ አልፈለገም። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ። እህታችን ዙህራ፣ የአብዱልመናን ሚስት፣ የኡበይደላ እናት፣ አርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ከዙሁር በኋላ ነው። ወጥተህ ቅበር።"

አዳራሹ ደጃፍ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ለምረቃው የሀገር ባህል ልብስ ለብሰው የተሰለፉት ልጃገረዶች የመድረክ መሪው እጁን ሲያነሳላቸው እልል አሉ። ሚልካ አላጨበጨበችም። ጫማዋን ነበር የምታየው።

ኃላፊው ከወንበሩ ተነሳ። "አባት፣ በጣም ግሩም ነው። የእኛ ካሜራማን ግን መጀመሪያውን አላገኘውም። አንድ ጊዜ ይድገሙልን።"

ሚልካ ወደ ፊት ራመድ አለች። "ይቅርታ፣ እሳቸው እኮ ዛሬ…"

"እደግመዋለሁ" አለ ማስረሻ። "እዚህ ግን አይደለም። እዚያ።"

ወደ ሥዕል አዳራሹ ጥግ፣ ወፍጮ ቤቱ ወደነበረበት አመለከተ። ካሜራማኑ ደስ አለው፤ እዚያ ነጩ ግድግዳ ነበር። ማስረሻ ነጩ ግድግዳ ሥር ቆሞ ነፋ፤ ስሟን ተናገረ። እንደገና ተጨበጨበ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ወደ ሾላው ሄደ። እንግዶቹ ስልካቸውን ዘርግተው ተከተሉት። እዚያም ነፋ፤ ስሟን ተናገረ። ሦስተኛው ላይ ጭብጨባው ሳሳ፤ ሰው ምሳ አስቦ ነበር።

ከእንግዶቹ አንዷ ወጣት ተጠጋችው። "አባባ፣ ዙህራ ማናት? ታሪካዊ ሰው ናት?"

"ዓሣ ትጠብስ ነበር" አላት።

 

ማስረሻ ከሾላው ሥር ሆኖ ቤቶቹ ወደነበሩበት ዞረ። ድሮ ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ በሮች ይከፈቱ ነበር፤ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ይወጣሉ፤ ወንዶች አካፋ ይፈልጋሉ። አሁን ከድንጋይ ንጣፉ ላይ የሚከፈት በር አልነበረም። አስተናጋጆቹ ውኃ በፕላስቲክ ያድሉ ነበር። የመድረክ መሪው ክራር ተጫዋቹን ጠራ።

በዚህ መሃል ከሐይቁ በኩል አንድ ጀልባ ወደ ዳር መጣ። ዓሣ አስጋሪው ገመዳ ነው። ዙህራ ዓሣ በጠበሰችበት ዘመን ሁሉ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያቀበላት እሱ ነበር። ጀልባውን ከመድረኩ እንጨት ጋር አስሮ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደረጠበ ወጣ። ለምረቃው የመጣ ፖሊስ እጁን ዘረጋበት።

"በዚህ በኩል ዛሬ አይቻልም።"

"ከእኔ ጋር ነው" አለ ማስረሻ።

ፖሊሱ የደንብ ልብሱን አይቶ አሳለፈው። ገመዳ እየተነፈሰ መጣ። "አካም፣ ማስረሻ። ስሟ ነው ወይስ ጆሮዬ ነው?"

"ስሟ ነው።"

"ያ ረቢ" አለ ገመዳ። ውኃው ከሱሪው ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል። "ከሰኞ ጀምሮ ደሴቱ ነበርኩ። ማንም አልነገረኝም።"

ማስረሻ ጡሩምባውን ለሚልካ ሰጣት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። "ይሂዱ" አለችው። "በሩን እኔ አያለሁ።"

ያደታ ሁለቱን በባጃጁ ጭኖ ከአስፋልቱ ማዶ ወሰዳቸው። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ሰው እየተመለሰ ነበር። አፈሩ ተመልሷል፤ ዱዓውም ተደርጓል። ገመዳ ጫማ ስላልነበረው በባዶ እግሩ እስከ መቃብሩ ሄደና እጁን ዘርግቶ ብቻውን ዱዓ አደረገ። ማስረሻ ቆቡን አውልቆ ከኋላው ቆመ።

ኡበይደላ ወደ እሱ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። "ጋሼ ማስረሻ፣ የት ጠፍተው ነው? ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር። ቴሌግራም ላይ ጠዋት ነው የተለቀቀው።"

"እየለፈፍኩ ነበር። አደራ ነበረብኝ።"

"የት?"

"ሰፈር።"

"የትኛው ሰፈር?"

ኡበይደላ ሊያሳፍረው ብሎ አልጠየቀም፤ በእውነት አልገባውም ነበር።

"እኔ ሰምቻለሁ" አለ ገመዳ ከመቃብሩ እየተመለሰ። "ውኃ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። ባይጠራ አልመጣም ነበር።"

ኡበይደላ የገመዳን ሱሪና ባዶ እግር አየ። የሁለቱንም ትከሻ ያዝ አድርጎ፣ "አብሽሩ። ኑ፣ ድንኳን ግቡ" አላቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። ሰው ሞልቷል። ማስረሻ ግማሹን አያውቅም፤ የአዲሱ እድር ሰዎች ናቸው። የሚያውቃቸውም ሲያዩት እንደ ድሮው "ማን ሞተ?" አላሉትም። አዲሱ ጸሐፊ አጠገቡ ተቀምጦ በስልኩ የነገውን የድንኳን ተረኞች ያስታውቅ ነበር። ሥራውን በደንብ ነው የሚሠራው። ውኃ ቀረበላቸው፤ ጠጡ። ማስረሻ ጥቂት ቆይቶ ተነሳ፤ ሚልካ በሩ ላይ ብቻዋን ናት። ገመዳም ጀልባው የሰው እንጨት ላይ ታስሮ ስለነበር አብሮ ተነሳ።

በመመለሻው በእግር ሄዱ። አስፋልቱን ሲሻገሩ ገመዳ ተናገረ።

"አሁን አንተ ስትሞት ማነው የሚጮኸው?"

"ሊዲ ስልክ ላይ ትጽፋለች።"

"እኔ ስልክ ውኃ ላይ ይዤ አልወጣም። ሁለት ሰምጦብኛል።"

"እንግዲያው አትሰማም" አለ ማስረሻ።

ገመዳ አሰበበት። "አልሰማም" አለ።

ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ እንግዶቹ ሄደዋል፤ ያደታ ወንበሮቹን መልሶ እየጫነ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው በሩ ላይ ይጠብቃሉ። ገመዳ ወደ ጀልባው ወረደ። ማስረሻ ቆቡን አደረገ፤ ሚልካን "አንቺ ግቢ፣ ምሳሽን ብይ" አላት። ከዚያ ለባልና ሚስቱ በሩን ከፈተላቸው፤ የሥዕል አዳራሹ በቀኝ በኩል እንደሆነ ነገራቸው።